የፕራግ የአይሁድ ሰፈር፦ ማን አቆየው?

የዛሬው ዝግጅታችን ወደ ቼክ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ወደ ፕራግ ይወስደናል። ከከተማዋ እምብርት ላይ፣ የቭልታቫ ወንዝ ከሚታጠፍበት አጠገብ፣ ዮሴፎቭ የሚባል ሰፈር አለ። አይሁድ ለብዙ መቶ ዓመታት የኖሩበት ነው። አስጎብኚዎች በየዕለቱ እንግዳ እየመሩ ይገቡበታል፤ እኛም ዛሬ በጆሯችን እንከተላቸዋለን። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጉብኝቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከአሮጌው ከተማ አደባባይ ነው። ከአደባባዩ ወደ ወንዙ የሚወስደው ሰፊ መንገድ የፓሪስ ጎዳና ይባላል። ግራና ቀኙ ዛፍ የተሰለፈበት ነው፤ ፎቆቹ በቅርጻ ቅርጽ ያጌጡ ናቸው፤ ምድር ቤታቸው የወርቅ ሰዓትና ውድ ልብስ የሚሸጥባቸው መደብሮች ናቸው። እንግዳው ግራ ይጋባል። «የአይሁድ ሰፈር የታለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ፣ ቆመህ የምትጠይቀው በላዩ ላይ ነው የሚል ነው። ሰፈሩ ፈርሷል።

ያፈረሱት ናዚዎች አይደሉም። በ1893 የወጣ የከተማ ጽዳት ሕግ ነው ያፈረሰው። ቀደም ሲል አይሁድ ከሰፈሩ ውጭ መኖር ስለተፈቀደላቸው አቅም ያላቸው ወጥተው ነበር። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች፣ ወንዙ ሲሞላ በሚጥለቀለቁት ቤቶች ውስጥ የቀሩት ድሆች ናቸው፤ አብዛኞቹም አይሁድ አልነበሩም። ከተማው ንጽሕና የለም፣ በሽታ ይዛመታል አለ፤ ሐሰት አልነበረም። ግን ከቤቶቹ ጋር ምኩራቦችም ፈረሱ። የቀሩት ስድስት ምኩራቦች፣ አንድ የሕዝብ አስተዳደር ቤትና አንድ የመቃብር ስፍራ ናቸው። ስለዚህ እዚህ ሰፈር የቆመ ነገር ባየን ቁጥር አንድ ጥያቄ ይከተለናል፤ ይህን ማን አቆየው? እኔ ይህን ጥያቄ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙ ያተርፋል ባይ ነኝ፤ ዝግጅቱንም የማስኬደው በዚሁ ነው።

ታሪኩን በአጭሩ ላንሳው። በመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ከተማ በቅጥርና በበር ከክርስቲያኑ ከተማ ተለይቶ ነበር። ነዋሪዎቹ የንጉሡ ንብረት ተደርገው ይቆጠሩ ስለነበር ንጉሡ ሲፈልግ ይጠብቃቸዋል፤ ሲፈልግ ከባድ ግብር ይጥልባቸዋል፤ ሲከፋውም ያባርራቸዋል። በ1744 መጨረሻ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከጠላቶቼ ከፕሩሲያ ወታደሮች ጋር ተባብረዋል ብላ ከ10,000 በላይ ሰዎች በክረምት ከፕራግ እንዲወጡ አዘዘች። የተመለሱት በ1748 ነው፤ ያውም ተጨማሪ ግብር ተጥሎባቸው። ልጇ ዮሴፍ 2ኛ ብዙዎቹን ክልከላዎች አነሳ። በ1850 ሰፈሩ የፕራግ አካል ሲሆን በእሱ ስም ዮሴፎቭ ተባለ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደጅ እንግባ። አሮጌ-አዲስ የሚባለው ምኩራብ በ1270 አካባቢ የተሠራ ነው። በአውሮፓ እስከ ዛሬ ጸሎት ከሚደረግባቸው ምኩራቦች ሁሉ የቀደመ ነው። ለመግባት ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ውኃ ሙላትን ለመከላከል ሲባል የሰፈሩ መንገድ በየዘመኑ አፈር እየተደለደለበት ከፍ ብሏል፤ ምኩራቡ ግን በተሠራበት ወለል ላይ እንዳለ ነው። ሰባት መቶ ዓመት ምን ያህል አፈር እንደሚያስነሳ እዚያ ደረጃ ላይ በእግር ይታወቃል።

ውስጡ ጨለም ያለ ነው። መሐሉ ላይ ሁለት ወፋፍራም ባለ ስምንት ጎን ዓምዶች ቆመው ጣሪያውን ይሸከማሉ። ቀና ብላችሁ እዩ ይላል አስጎብኚው። በጎቲክ ሕንጻዎች ጣሪያውን የሚይዙት የድንጋይ አጥንቶች ብዙ ጊዜ አራት ናቸው፤ እዚህ አምስት ናቸው። የተለመደው ማብራሪያ፣ አራት ቢሆኑ መስቀል ስለሚሠሩ አምስተኛው ተጨመረ የሚል ነው። የሥነ ሕንጻ ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ሕንጻውን ያነጹት በአቅራቢያው የቅድስት አግነስን ገዳም ይሠሩ የነበሩ ክርስቲያን ግንበኞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አይሁድ ወደ ግንበኞች ማኅበር አይገቡም ነበርና። አንድ እምነት ያለው እጅ ለሌላ እምነት የጸሎት ቤት ሠራ ማለት ነው። ሴቶች የሚጸልዩት ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ነው፤ ቃሉን የሚሰሙት ግንቡን ሰንጥቀው በወጡ ጠባብ መስኮቶች ነው።

በዚህ ምኩራብ ውስጥ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ነገር አለ። በ1389 በፋሲካ ሰሞን፣ አይሁድ ቅዱስ ቁርባንን አርክሰዋል የሚል ወሬ ተነዛና ሕዝብ ተነሳባቸው። ቤቶች ተቃጠሉ፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ ወደ ምኩራቡ የሸሹትም አልዳኑም። ደማቸው የነካው ግድግዳ ለመታሰቢያ ለረጅም ዘመን ሳይቀባ ኖሯል ይባላል። ከዚያ እልቂት የተረፉት ረቢ አቪግዶር ካራ ሙሾ ጻፉ። ሙሾው እስከ ዛሬ በየዓመቱ በማስተስረያ ቀን፣ በዕብራይስጥ ዮም ኪፑር በሚባለው ጾም፣ በዚያው ምኩራብ ይነበባል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ማለት ነው። ማን አቆየው ላልነው የመጀመሪያው መልስ ይኸው፤ በየዓመቱ ተነስቶ የሚያነብ ሰው።

ከምኩራቡ ውጭ፣ በስተኋላው ግድግዳ ላይ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የሚጀምር የብረት መወጣጫ ይታያል። ወደ ጣሪያው ሥር ወዳለው ቆጥ ይወስዳል። እዚህ ሲደርስ ሁሉም አስጎብኚ የጎለምን ተረት ያወራል። ረቢ ይሁዳ ሌቭ ከወንዝ ዳር ጭቃ ሰው የሚመስል ፍጡር ሠርተው፣ በቃል ነፍስ ዘርተውበት፣ ሕዝባቸውን እንዲጠብቅ አደረጉ፤ ኋላ ሲያስቸግር ሕይወቱን ወሰዱበት፤ ጭቃው እስከ ዛሬ ቆጡ ላይ ነው ይባላል። ተረቱ ያምራል፤ በየሱቁም የጎለም ምስል ይሸጣል። ነገር ግን ረቢው በኖሩበት ዘመን ከተጻፉት ውስጥ ስለ ጎለም የሚናገር የለም። ተረቱ ከስማቸው ጋር የተያያዘው ከሞቱ ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲሆን፣ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ1909 በታተመ መጽሐፍ ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ተረቱ እውነተኛውን ሰው መሸፈኑ ነው። ረቢ ሌቭ በ1609 ያረፉ ታላቅ መምህር ነበሩ። በዘመናቸው ሕፃናት ገና ኦሪቱን በቅጡ ሳያውቁ ታልሙድ ወደሚባለው የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ ከባድ ክርክር ይገፉ ነበር፤ ተማሪው አፉ ይከራከራል፣ ልቡ ግን ባዶ ነው። ረቢው ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። መጀመሪያ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ቀጥሎ ሚሽና የሚባለው የቃል ሕግ ስብስብ፣ ከዚያ ታልሙድ፤ ሁሉም እንደ ልጁ ዕድሜና አቅም ይሁን አሉ። ይህንን ዛሬ ማንኛውም የመምህራን ማሠልጠኛ ያስተምረዋል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ግን ብዙ ተቀናቃኝ ያስነሳ አሳብ ነበር። በ1592 ንጉሠ ነገሥት ሩዶልፍ 2ኛ ወደ ቤተ መንግሥታቸው አስጠርተው አነጋግረዋቸዋል። ምን እንደተነጋገሩ ረቢው አልገለጹም።

በዚያው ዘመን የነበሩት ዳቪድ ጋንስም መታወቅ ይገባቸዋል። የታሪክ ጸሐፊና የከዋክብት ተመራማሪ ነበሩ። «ጼማሕ ዳዊት» የተባለው የታሪክ መጽሐፋቸው በፕራግ በ1592 ታተመ፤ አንደኛው ክፍል የአይሁድን፣ ሌላው የዓለምን ታሪክ ይዟል። ሩዶልፍ ቀጥሯቸው ከነበሩት ከታላላቆቹ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከቲኾ ብራሄና ከዮሐንስ ኬፕለር ጋር ይተዋወቁ ነበር፤ የብራሄን መመልከቻ ጣቢያም ጎብኝተው ያዩትን ጽፈዋል። በቅጥር ከተዘጋ ሰፈር ወጥቶ ሰማይን ከክርስቲያን ሊቃውንት ጋር አብሮ የተመለከተ ሰው፣ ከጭቃው ፍጡር ይልቅ ቢወራለት ደስ ባለኝ።

የአይሁድ አስተዳደር ቤት ከምኩራቡ አጠገብ ነው። ሁለት ሰዓቶች አሉት። ከላይ ማማው ላይ ያለው እንደ ማንኛውም ሰዓት ይሄዳል፤ ከታች ያለው ቁጥሩ በዕብራይስጥ ፊደል ስለሆነ ዘንጉ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል። ዕብራይስጥ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነውና። ቤቱን ያሠሩት በ1601 ያረፉት ባለጸጋው መርዶክዮስ ማይዝል ናቸው ይባላል። በስማቸው የሚጠራ ምኩራብም አለ።

አሁን ወደ አሮጌው የመቃብር ስፍራ እንለፍ። እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

በዚህ ስፍራ ከ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1787 ሙታን ተቀብረዋል። ቦታው ጠባብ ነው። የአይሁድ ሕግ ደግሞ የሞተን ሰው ዐፅም አውጥቶ ቦታውን ለሌላ መስጠትን አይፈቅድም። ተጨማሪ መሬት ለመግዛት ሁልጊዜ አይቻልም። ስለዚህ ምን አደረጉ? አፈር አመጡ። በአሮጌው መቃብር ላይ አፈር ደልድለው በላዩ ቀበሩ፤ ያ ሲሞላ ሌላ ደለደሉ። በአንዳንድ ቦታ እስከ 12 ድርብ ይደርሳል ይባላል። ከሥር ያሉት ሰዎች ስማቸው እንዳይጠፋ የመቃብር ድንጋያቸውን እያነሱ ወደ ላይ አወጡት። ለዚህ ነው ዛሬ ወደ 12,000 የሚጠጉ ድንጋዮች እንደ ገበያ ቀን ሰው ተጠጋግተውና ተገፋፍተው፣ አንዱ በሌላው ላይ አዘንብለው የሚታዩት። ጎብኚው ምስቅልቅል መስሎት ሊያልፍ ይችላል። ሥርዓት ነው እንጂ ምስቅልቅል አይደለም። ከሥር የነበሩትን ድንጋዮች፣ በላያቸው ሌላ ሰው ከመቀበሩ አስቀድሞ፣ አንስቶ ወደ ላይ ያወጣቸው ሰው አለ።

ከሁሉም ጥንታዊው ድንጋይ የ1439 ነው። የማን ይመስላችኋል? ያንን ሙሾ የጻፉት የረቢ አቪግዶር ካራ ነው። ዋናው ድንጋይ እንዳይጎዳ ወደ ቤት ገብቷል፤ በቦታው የቆመው ግልባጩ ነው።

በድንጋዮቹ ላይ ያሉትን ምልክቶች ማንበብ አስጎብኚው በደንብ ሊያስተምራችሁ ይገባል። የሰው መልክ ብዙውን ጊዜ አይቀረጽም፤ ኦሪት ስለሚከለክል። የቡራኬ ምልክት የሚያሳዩ ሁለት እጆች ካያችሁ፣ ከዚያ ሥር ያለው ከካህናት ወገን ነው። ማንቆርቆሪያ ካለ ሌዋዊ ነው፤ ሌዋውያን ካህናት ከመባረካቸው በፊት እጃቸውን ያስታጥቧቸዋልና። መቀስ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሙቀጫ መድኃኒት ቀማሚ ነው። አጋዘን፣ ቀበሮ፣ ዓሣ፣ ዝይ ደግሞ የቤተሰብ ስም ናቸው፤ የዳቪድ ጋንስ ድንጋይ ላይ ከዳዊት ኮከብ ጋር ዝይ አለች። በረቢ ሌቭ መቃብር ላይ ያለው አንበሳ ነው። ስማቸው ይሁዳ ነውና፣ ይህ ለኢትዮጵያዊ አድማጭ ማብራሪያ አያሻውም፤ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ሲባል የኖረበት አገር ሰው፣ ከኦሪት ዘፍጥረት የያዕቆብ ቡራኬ የተነሳውን ያንን አንበሳ ፕራግ ድንጋይ ላይ ሲያገኘው ያውቀዋል።

በረቢው መቃብር ላይ ጠጠሮችና የተጣጠፉ ትንንሽ ወረቀቶች ታያላችሁ። ጠጠር ማኖር የአይሁድ ልማድ ነው፤ መጥቼ ነበር ማለት ነው። ወረቀቶቹ ልመና ናቸው። እባካችሁ አታንሷቸው፤ ከፍታችሁም አታንብቡ።

ከመቃብሩ አጠገብ በ1535 የተሠራው የፒንካስ ምኩራብ አለ። ወደ ውስጥ ስትገቡ ግድግዳው ከሩቅ ግራጫ ይመስላል፤ ቀረብ ስትሉ ጽሑፍ ነው። ከወለል አጠገብ እስከ ጣሪያ በእጅ የተጻፈ የሰው ስም ነው። ናዚዎች የገደሏቸው፣ የቼክ ምድር ክፍሎች የሆኑት የቦሄሚያና የሞራቪያ አይሁድ ስም ነው፤ ወደ 80,000 ይጠጋል። በየመጡበት ከተማ ተከፋፍሎ፣ በፊደል ተራ ተቀምጧል። ከስሙ ቀጥሎ የተወለዱበት ቀን አለ፤ ከዚያም በሕይወት እንደነበሩ ለመጨረሻ ጊዜ የታወቀበት ቀን። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ሁለተኛው ቀን ወደ ሞት ካምፕ የተጫኑበት ነው። አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም፣ አንድ ዓይነት የመጫኛ ቀን፣ አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፤ እንዲህ እያሉ ያነባሉ። አስጎብኚያችሁ ጥሩ ሰው ከሆነ እዚህ ላይ ንግግሩን ያቆማል።

ይህን ጽሑፍ ከ1954 እስከ 1959 የሠሩት ቫትስላቭ ቦሽቲክና ዪርዢ ዮን የተባሉ ሠዓሊዎች ናቸው። በ1968 ግን የከርሰ ምድር ውኃ ግድግዳውን አረጠበ ተብሎ ምኩራቡ ተዘጋ። በጊዜው አገሪቱን ይገዛ የነበረው የኮሚኒስት መንግሥት ለማደስ አልቸኮለም፤ በመሐሉ ጽሑፉ ጠፋ። ለሃያ ዓመታት ያህል ተዘግቶ ቆየ። ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ፣ ከ1992 እስከ 1996፣ ስሞቹ በሙሉ አንድ በአንድ እንደገና ተጻፉ። አድማጮች፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰዎቹ አንድ ጊዜ ተገደሉ፣ ስማቸውም አንድ ጊዜ ተደመሰሰ። አሁን የሚነበበው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው።

ፎቁ ላይ የሕፃናት ሥዕሎች አሉ። ፍሪድል ዲከር-ብራንዳይስ በጀርመን አገር በታዋቂው በባውሃውስ የጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ ሠዓሊ ነበሩ። ናዚዎች አይሁድን ወደሚያጉሩበት ወደ ቴሬዚን ጌቶ ሲወሰዱ ከተፈቀደላቸው ጥቂት ጓዝ ውስጥ የሥዕል ዕቃ ያዙ። እዚያም ከወላጆቻቸው ለተለዩ ልጆች በድብቅ ሥዕል አስተማሩ። ወረቀት ስላልነበረ በተገኘው ሁሉ፣ በተጻፈበት ቅጽ ጀርባ ሳይቀር ይሳሉ ነበር። መምህሯ ልጆቹ ሥራቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ ያሳስቧቸው ነበር። በዚያ ቦታ ሰው ሁሉ ቁጥር ተደርጎ ነበር፤ ልጁ ግን በሥዕሉ ጥግ ስሙን ይጽፋል። ፍሪድል በጥቅምት 1944 ወደ አውሽዊትዝ የሞት ካምፕ ተጭነው ተገደሉ። ከመሄዳቸው በፊት ከ4,000 በላይ ሥዕሎች በሁለት ሻንጣ ተደበቁ፤ ከጦርነቱ በኋላ ለፕራግ የአይሁድ ማኅበረሰብ ተሰጡ። ሥዕሎቹ ላይ ቢራቢሮ አለ፣ ቤት አለ፣ አልጋ የተደራረበበት ክፍል አለ። ከሥራቸው የልጆቹ ስም ተጽፏል፤ አብዛኞቹ አልተረፉም።

በምኩራቦቹ ውስጥ የሚታዩት የብር ዋንጫዎች፣ የኦሪት ጥቅልል ልብሶች፣ ባለ ጥልፍ መጋረጃዎች ከየት መጡ? የአይሁድ ሙዚየሙ የተመሠረተው በ1906 ነው፤ በጽዳቱ ጊዜ ከፈረሱት ምኩራቦች የተረፈውን ለመሰብሰብ። ናዚዎች በ1939 አገሪቱን ከያዙ በኋላ፣ ከ1942 ጀምሮ፣ ሕዝባቸው ከተጫነባቸው 153 የአይሁድ ማኅበረሰቦች ቅርስ ተሰብስቦ ወደ ፕራግ መጣ። ዕቃውን የተቀበሉት፣ የመዘገቡት፣ የጠገኑት አይሁድ የሙዚየም ባለሙያዎች ናቸው። አለቆቻቸው የናዚ መኮንኖች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ግን ከየትኛው ከተማ፣ ከየትኛው ምኩራብ እንደመጣ በካርድ ላይ በጥንቃቄ ጻፉ። ሥራቸው ሲያልቅ እነሱም ተጫኑ፤ የተረፉት በጣም ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ አንድ መጋረጃ ከአንዲት ጠፍታ ከቀረች መንደር መምጣቱን የምናውቀው በእነዚያ ካርዶች ነው። እኔ ከሰፈሩ ሁሉ ለእነዚህ ሰዎች ትልቅ ክብር አለኝ። ሞት በር ላይ ቆሞ ሳለ የሌላውን ሰው ቅርስ በትክክል መመዝገብ ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል?

ከጦርነቱ በኋላ መንግሥት ሙዚየሙን ወሰደ። በ1964 በአንድ እርጥብ ምኩራብ ተከማችተው የነበሩ 1,564 የኦሪት ጥቅልሎች ተሸጠው ወደ ለንደን ተጓዙ። እዚያ እየተጠገኑ በብዙ አገሮች ላሉ ምእመናን በውሰት ተሰጡ። ሙዚየሙ ራሱ ለአይሁድ ማኅበረሰብ የተመለሰው በ1994 ነው።

ሌሎቹን በፍጥነት ላንሳ። በ1868 የተሠራው የስፔን ምኩራብ ከውስጥ በወርቅ ቅብና በዐረብ ስልት ጌጥ የተሸፈነ ነው፤ ከሁሉም በላይ ዓይን ይስባል። ቀድሞ በቦታው በነበረው ምኩራብ ኦርጋን ይጫወት የነበረው የቼክ ብሔራዊ መዝሙርን ዜማ የደረሰው ፍራንቲሼክ ሽክሮፕ ነው። ደጁ ላይ በ2003 የቆመ የፍራንዝ ካፍካ ሐውልት አለ። ደራሲው የተወለደው በ1883 ከዚህ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፤ መቃብሩ ግን ከከተማው መሐል ርቆ በአዲሱ የአይሁድ መቃብር ነው።

መሄድ ለምታስቡ፣ በተለይ አውሮፓ ለምትኖሩ አድማጮች፣ ጥቂት ልበል። ቅዳሜና በአይሁድ በዓላት ሙዚየሙም ምኩራቦቹም ለጎብኚ ዝግ ናቸው። ወንዶች በምኩራብና በመቃብሩ ስፍራ ራሳቸውን መሸፈን አለባቸው። ሁሉንም በሁለት ሰዓት የሚያስጨርስ ጉብኝት አትምረጡ፤ ፒንካስ ብቻ ረጋ ብሎ ሲያዩት ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ስትቀጥሩ አስጎብኚውን ስለ ሙዚየሙ ባለሙያዎች ምን እንደሚያውቅ ጠይቁት፤ ስለ ጎለም ብቻ የሚያወራ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቴሬዚን ከፕራግ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል። የልጆቹ ሥዕሎች የተሳሉበት ቦታ ስለሆነ ዮሴፎቭን ካያችሁ በኋላ፣ በሌላ ቀን፣ ለብቻው ሂዱበት።